ፎስፌት በየት በኩል ይገባል? የፒተር ሚቸል ሕይወት

ባለፈው ዓመት በማይክሮባዮሎጂ ፈተና ላይ ፎስፌት ወደ ባክቴሪያ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አብራሩ የሚል ጥያቄ ወጥቶ ነበር። እኔም ብዙ ካለበት ትንሽ ወዳለበት በራሱ ጊዜ ሰርጎ ይገባል ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ አለፍኩ። ዜሮ ተሰጠኝ። ወረቀቱ ሲመለስልን አስተማሪያችን ቢሮ ድረስ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ብዙ ያለው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥለውም ፒተር ሚቸል የሚባል ሰው በዚሁ ጥያቄ ላይ ዓመታት እንደፈጀና ሄዶ ሄዶ የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሐሳብ ከዚህ እንደተነሳ ነገሩኝ። ስሙን በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ብፈልገው ያገኘሁት አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳችኝ ግን ዜሮዋ ብቻ አይደለችም። ቤተሰቦቼ ፋርጣ ወረዳ፣ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ገብስ፣ ድንችና ባቄላ ያመርታሉ። አባቴ በየዓመቱ ተበድሮም ቢሆን ማዳበሪያ ይገዛል፤ ድሮ ዳፕ፣ በኋላ ደግሞ ኤንፒኤስ የሚባለውን። ገብሱ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ወደ ሐምራዊነት ያደላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ መሬቱ አሲዳማ ሆኗል፣ የማዳበሪያው ፎስፎረስ በአፈሩ ውስጥ ባለው ብረትና አሉሚኒየም ይታሰራል፣ ስለዚህ ኖራ ያስፈልገዋል ብሎ አስረዳው። አባቴ ግን መታሰር የሚለው ነገር አልዋጥ አለው። በገንዘቡ የገዛው ነገር እዚያው መሬቱ ውስጥ ካለ ሰብሉ ለምን እንደማያገኘው እኔን ጠየቀኝ። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኛ! እዚያም ዝም አልኩ። እንግዲህ አስተማሪዬም አባቴም የጠየቁኝ ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው፤ ፎስፌት ውጭ አለ፣ ግን እንዴት ነው የሚገባው? የሚቸልን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፒተር ዴኒስ ሚቸል የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1920 በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን አቅራቢያ ሚቻም በምትባል ስፍራ ነው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን አጎቱ ጎድፍሬይ ሚቸል ግን ዊምፒ የሚባለውን ትልቅ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት የሚመራ ባለሀብት ነበር። አንባቢ ይህን አጎት እንዳይረሳው፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። ሚቸል በትምህርት ቤት ሳለ ሒሳብና ፊዚክስ ይወድ ነበር፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የስኮላርሺፕ ፈተና ላይ ግን አልቀናውም። የተቀበሉት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስለ እሱ ደብዳቤ ጽፈውለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጂሰስ ኮሌጅ ገባ። ውጤቱም እንዲሁ ነበር፤ በመጀመሪያው ክፍል ሦስተኛ ደረጃ፣ ባዮኬሚስትሪን ዋና ትምህርቱ አድርጎ ሲጨርስ ደግሞ ከሁለተኛው ደረጃ ዝቅተኛው። በእኛ አቆጣጠር ቢሰላ ስንት ነጥብ ስንት ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ የዲፓርትመንት ምርጫ ሲሞላ የሚያሰጋ ውጤት እንደሆነ ይገባኛል።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ካምብሪጅ በባዮኬሚስትሪ ክፍል ጄምስ ዳንዬሊ ከሚባል ተመራማሪ ሥር ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያ ሥራቸው ሉዊሳይት ለተባለው አርሴኒክ ያለበት የመርዝ ጋዝ መከላከያ መድኃኒት ማጥናት ነበር። ዳንዬሊ ግን በሌላም ይታወቅ ነበር፤ የሴል ሽፋን ከቅባት የተሠራ ስስ ንጣፍ ነው ብለው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሚቸል ስለ ሽፋን ማሰብ የጀመረው ከእሱ ጋር ሲሠራ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ፔኒሲሊን ባክቴሪያን እንዴት እንደሚገድል እያጠና የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ጽሑፉ ወደቀ። አዎ፣ ተመለሰበት። እንደገና ሠርቶ አቅርቦ ዶክትሬቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዕድሜው 30 ሆኖ ነበር። እኔ የመመረቂያ ፕሮጀክት ፕሮፖዛሌ በተመለሰብኝ ሳምንት ይህችን ታሪክ ሦስት ጊዜ ሳላነባት አልቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ጄኒፈር ሞይል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለደች፣ በጦርነቱ ጊዜ በወታደራዊ የመረጃ ሥራ ያገለገለች፣ ከዚያ በኋላ ካምብሪጅ ላቦራቶሪ ገብታ ከሚቸል ጋር መሥራት የጀመረች ባዮኬሚስት ናት። እሱ ሐሳብ አመንጪ ነበር፤ ሐሳቡን በመሣሪያና በቁጥር የምትፈትነው በአመዛኙ እሷ ነበረች። አብረው የሠሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የመማሪያ መጽሐፋችን ለሚቸል አንድ መስመር ሲሰጠው ለእሷ ስሟን እንኳ አልሰጣትም።

አሁን ወደ ፎስፌት እንምጣ፤ የጽሑፌ ዋና ነገር እሱ ነውና።

ማንኛውም ባክቴሪያ ከቅባት በተሠራ ሽፋን ተከቧል። የሽፋኑ ውፍረት ከ10 ናኖሜትር ያነሰ ነው። ፎስፌት ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ከውሃ ጋር የሚስማማ አዮን ነው፤ ዘይት ላይ ውሃ ብናፈስ እንደማይዋሃድ ሁሉ ፎስፌትም በቅባቱ ውስጥ አያልፍም። ይህ አንደኛው እንቅፋት ነው። ሁለተኛው፣ በአፈር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፎስፌት እጅግ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ማይክሮሞል በታች ነው የሚገኘው። በኢ. ኮላይ ውስጥ ግን ወደ 10 ሚሊሞል ገደማ ነጻ ፎስፌት አለ፤ በሺህ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በፈተናው ላይ የጻፍኩት እውነት ቢሆን ኖሮ ፎስፌቱ ሊገባ ቀርቶ ያለውም ተሟጦ ይወጣ ነበር። ሦስተኛው እንቅፋት ደግሞ የሴሉ ውስጥ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር ኔጌቲቭ መሆኑ ነው። ኔጌቲቭ ኔጌቲቭን ይገፋል። ዜሮዬ የሚገባኝ ነበረች።

በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ባዮኬሚስቶች ሴልን የሚያጠኑት ፈጭተው ነበር። ፈጭተው፣ አጣርተው፣ ከጭማቂው ውስጥ ኢንዛይም ያወጣሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ነገር ታውቋል። ነገር ግን የተፈጨ ሴል ውስጥና ውጭ የለውም፤ እህሉን ፈጭቶ ከዱቄቱ መሀል ዛላውን እንደ መፈለግ ነው። ሚቸል ሴሉን ሳይፈጭ ነው የያዘው። የመረጠው በዚያን ጊዜ ማይክሮኮከስ ፓዮጀነስ ይባል የነበረውን፣ ዛሬ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የምንለውን ባክቴሪያ ነው። ፎስፎረስ 32 የተባለውን ጨረር የሚያወጣ ፎስፎረስ ምልክት አድርጎ ተጠቀመ፤ በጨረሩ አማካይነት የትኛው ፎስፌት ከውጭ እንደመጣና የትኛው ቀድሞ ውስጥ እንደነበረ መለየት ይቻላል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 በጄኔራል ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ላይ አወጣ።

ያገኘው ነገር ይገርማል። እያደጉ ያልነበሩ ሴሎች ምልክት ያለበትን ፎስፌት ያስገባሉ፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ ከውስጥ ያስወጣሉ። ልውውጥ ነው። እኛ ሰፈር ባዶ ሳጥን ሳትመልስ ሙሉ ሳጥን ለስላሳ አይሰጥህም አይደል? እንደዚያ ነው። በሽፋኑ ላይ ክፍት ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ ነገሩ እንዲህ በቁጥር አይሆንም ነበር። ደግሞም መግቢያው ሁሉን አያስተናግድም፤ ፎስፌትንና መልኩ ፎስፌትን የሚመስለውን አርሴኔትን ይቀበላል፣ ሌላውን ይመልሳል። ትንሽ የሜርኩሪ ጨው ሲጨመርበት ሥራው ይቆማል። መምረጥ፣ በመርዝ መቆም፣ በተወሰነ ፍጥነት መሥራት፤ እነዚህ የኢንዛይም ጠባዮች ናቸው። እንግዲህ ሚቸል ከዚህ የወሰደው ድምዳሜ በሽፋኑ ውስጥ ኢንዛይም የሚመስል ነገር ተቀምጧል፣ ሥራው ግን ቁስን ወደ ሌላ ቁስ መለወጥ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ማሻገር ነው የሚል ነበር።

ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ኬሚስትሪ ስንማር ቀስት ግራና ቀኝ እንጽፋለን፤ ቀስቱ ግን በቦታ ወዴት እንደሚያመለክት ማንም አይጠይቅም። በብርጭቆ ውስጥ ሰሜንና ደቡብ የለም። በሽፋን ውስጥ የተተከለ ኢንዛይም ግን አንድ ፊቱ ወደ ውጭ፣ አንድ ፊቱ ወደ ውስጥ ስለሆነ የሚያካሂደው ለውጥ አቅጣጫ ይኖረዋል። ሚቸል ይህን አቅጣጫ ያለው ሜታቦሊዝም ብሎ ጠራው። ገና በወጣትነቱ ስለ ነበልባልና ስለ ድንጋይ ልዩነት ያስብ ነበር ይባላል። ድንጋይ ያው ቁሱ ነው፤ ነበልባል ግን ቁሱ በየቅጽበቱ እየተለወጠ ቅርጹ ይቆያል። እኛ አገር ቢሆን ምናልባት ርብን ያስብ ነበር፤ ውሃው ከጉና ወርዶ ጣና ይገባል፣ ወንዙ ግን ያው ርብ ነው። ሴልም እንደዚያ ነው፤ ሴል የሚያሰኘው ምን ይግባ ምን ይውጣ ብሎ የሚወስነው ሽፋኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሞስኮ ላይ ስለ ሕይወት አመጣጥ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ ሚቸል ስለ ሽፋን ሚና ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ስኮትላንድ ተጠርቶ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የዙኦሎጂ ክፍል ውስጥ የኬሚካል ባዮሎጂ ክፍል አቋቋመ። ሞይልም አብራው ሄደች። እዚያ እያለ ነው ከፎስፌት ማሻገር ወደ ትልቁ እንቆቅልሽ የተሻገረው።

እንቆቅልሹ ይህ ነበር። ምግብ ሲቃጠል ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ውስጥ ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ በመጨረሻ ኦክስጅን ጋ ይደርሳሉ። በዚህ መሀል ኤዲፒ ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ ኤቲፒ ይሆናል። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? የዘመኑ ታላላቅ ሳይንቲስቶች በመሀል ጉልበት ያዘለ አንድ ኬሚካል መኖር አለበት ብለው ያንን ኬሚካል ፍለጋ ላይ ነበሩ። ተፈለገ፣ ተፈለገ፣ ጠፋ። አገኘሁት የሚል ሰው ይነሳል፣ ሌላው ሲደግመው አይሠራም።

ሚቸል ኬሚካሉ የሌለው ስለሌለ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1961 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣት አጭር ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ኬሚዮስሞቲክ ይባላል። ኤሌክትሮኖቹ ሲቀባበሉ ፕሮቶን ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋል፤ በአንድ በኩል ፕሮቶን ይጠራቀማል፣ ሽፋኑም እንደ ባትሪ ቻርጅ ይሆናል። ፕሮቶኑ ተመልሶ ሊገባ ሲሮጥ ኤቲፒ በሚሠራው ኢንዛይም በኩል ያልፋል፣ በዚያ ጉልበት ፎስፌት ከኤዲፒ ጋር ይጣመራል። የጣና በለስን የኃይል ማመንጫ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ውሃው ከጣና በዋሻ ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል፤ በጣናና በበለስ መካከል መብራት የሚባል ነገር በጆንያ ታስሮ አይጓጓዝም። የከፍታው ልዩነት ራሱ ነው ጉልበቱ። ሌሎቹ ጆንያውን ነበር የሚፈልጉት።

ዛሬ ስናነበው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ማስረጃ ነው የሚባል ነገርም በእጁ ብዙ አልነበረም፤ ይህን አለመደበቅ ጥሩ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ መጣ፣ ማስረጃው ተከተለ። በዚህ ላይ ጤናው ታወከ። የጨጓራ ቁስለት ጸንቶበት እ.ኤ.አ. በ1963 ከኤዲንብራ ሥራውን ለቀቀ።

ከዚያ ያደረገውን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ተረት መስሎኝ ነበር። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ኮርንዎል በሚባለው ገጠር፣ ቦድሚን ከተባለች ከተማ አጠገብ ግሊን ሃውስ የሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ነበረው። ሁለት ዓመት ያህል ሳይንሱን ትቶ ሕንፃውን ሲያሳድስ፣ ከግንበኞችና ከአናጢዎች ጋር ሲውል ቆየ። ጨጓራውም ተሻለው። ከዚያ ከሞይል ጋር ሆኖ የቤቱን አንድ ክፍል ላቦራቶሪ አደረጉትና ግሊን የምርምር ተቋምን መሠረቱ። ገንዘቡን ያዋጡት እሱና ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ሀብቱ ደግሞ ያ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት አጎት ከሠራው ድርጅት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የማነሳው ለማሳነስ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ ብርታት ብቻ ይወራና አጎቱ ይረሳል። እንደዚህ ዓይነት አጎት ያለው በክፍላችን ውስጥ ስንት ሰው አለ? ቢሆንም ብዙ ሰው ሀብት ወርሶ መኪና ይገዛል፤ እሱ የፒኤች መለኪያ ገዛበት።

ግሊን ውስጥ የሠሩት ሙከራ ለእኛ ላቦራቶሪ እንኳ የሚከብድ አይመስለኝም። ከአይጥ ጉበት ማይቶኮንድሪያ አውጥተው ኦክስጅን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጥቂት ኦክስጅን ያለበት ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል። በሰከንዶች ውስጥ የፈሳሹ ፒኤች ዝቅ ይላል፤ ፕሮቶን ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ስንት ፕሮቶን እንደወጣ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያ ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ። ሐሳቡን በሰፊው ያብራራባቸውን ሁለት ጥራዞች ደግሞ በራሱ ተቋም አሳትሞ ለሚፈልግ ሁሉ ላከ፤ በሽፋናቸው ቀለም ግራጫ መጻሕፍት ተብለው ይታወቃሉ።

ክርክሩ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ከባዱን ምት የመቱት ግን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድሬ ጃገንዶርፍና ባልደረባው ኧርነስት ዩሪቤ የስፒናች ክሎሮፕላስት በጨለማ ውስጥ መጀመሪያ አሲድ፣ ወዲያው ደግሞ አልካላይን ውስጥ ከተቱት። ብርሃን የለም፣ ኤሌክትሮን አይሄድም፤ ኤቲፒ ግን ተሠራ። የፕሮቶን ልዩነት ብቻውን በቂ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኤፍሬም ራከርና ዋልተር ስቶከኒየስ ከአኩሪ አተር በወጣ ቅባት ትንንሽ ከረጢቶች ሠርተው፣ ጨው ከሚወድ ማይክሮብ የመጣ በብርሃን ፕሮቶን የሚገፋ ፕሮቲንና ከበሬ ልብ የወጣ ኤቲፒ ሠሪ ኢንዛይም አብረው ከተቱባቸው። ብርሃን ሲበራ ኤቲፒ ተሠራ። ሦስቱ ነገሮች ከሦስት ዓለም የመጡ ናቸው፤ ምስጢራዊው ኬሚካል በሦስቱም ውስጥ ተደብቆ ነበር ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ። ደስ የሚለው ራከር ራሱ ቀድሞ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተከራካሪዎቹ ስድስቱ በአንድ መጽሔት ላይ በየፊናቸው አንድ አንድ ክፍል ጻፉ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሚቸል የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ተቀበለ።

ፎስፌቱስ የት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። ወደ እሱ ነው የምመለሰው፤ ምክንያቱም ፕሮቶኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ፈታው። ሽፋኑ በፕሮቶን ልዩነት ቻርጅ ከሆነ ያ ጉልበት ኤቲፒ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ዕቃ ለማስገባትም ያገለግላል። ሁለት ነገር አብሮ የሚገባበትን፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበትንና አንዱ ብቻውን የሚያልፍበትን ስልት ለያይቶ ስም ያወጣላቸው ሚቸል ነው፤ ሲምፖርት፣ አንቲፖርትና ዩኒፖርት እያልን ለፈተና የምንሸመድዳቸው እነሱ ናቸው። ዛሬ እንደሚታወቀው ኢ. ኮላይ ለፎስፌት ሁለት ዋና መግቢያዎች አሉት። ፒት የሚባለው ፎስፌቱን ከማግኒዚየም ወይም ከመሰል ብረት ጋር ተጣምሮ ሳለ በፕሮቶን ጉልበት ያስገባል። ፎስፌት በደህና ሲገኝ የሚበቃው ይኸው ነው። ፎስፌት ሲጠፋ ግን ፒ ኤስ ቲ የሚባለው ይነሳል። ይህኛው ከሽፋኑ ውጭ ፎስፌትን ለቅሞ የሚይዝ ፕሮቲን አለው፤ ከአንድ ማይክሮሞል በታች እንኳ ቢሆን ያገኘዋል። ይዞ በሽፋኑ ላይ ላሉት ያቀብላል፣ እነሱም ኤቲፒ እየከፈሉ ያስገቡታል። ውድ መንገድ ነው፤ ቸገረኝ ያለ ሰው ከአራጣ እንደሚበደረው። ሚቸል ያየው የአንድ ለአንድ ልውውጥ ደግሞ የስኳር ፎስፌትን ወይም ግሊሰሮል ፎስፌትን አስገብተው በምትኩ ፎስፌት የሚያስወጡ ፕሮቲኖች ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ወደ ማይቶኮንድሪያም ቢሆን ኤቲፒ የሚሠራበት ፎስፌት የሚገባው ከፕሮቶን ጋር ተዛምዶ ነው።

ሚቸል በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም። ፕሮቶኑ በቀጥታ በኢንዛይሙ የሥራ ቦታ ላይ ገብቶ ኤቲፒን ያሠራል ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም፤ ኢንዛይሙ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል፣ ለዚህም ፖል ቦየርና ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1997 ተሸለሙ። ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ፕሮቶን ይገፋል የሚለውንም፣ ፊንላንዳዊው ሞርተን ቪክስትሮም እ.ኤ.አ. በ1977 ካሳየ በኋላ ለዓመታት ሲከራከርበት ቆይቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ገደማ ተሳስቼ ነበር ብሎ ተቀበለ። ሰው ሁሉ ሲቃወመው ቆይቶ ያሸነፈ ሰው ይህን ማለት እንዴት እንደሚከብደው ሳስብ፣ ከሽልማቱ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ያረፈው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1992 እዚያው ግሊን ውስጥ ነው፤ ዕድሜው 71 ነበር።

አሁን የአባቴ ጥያቄ ቀርቷል። ፒ ኤስ ቲ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የገብስ ሥር ላይ ያሉት መሰሎቹም ቢሆኑ፣ ደጃፍ ላይ የደረሰውን እንግዳ ነው የሚያስገቡት። በፋርጣ አሲዳማ አፈር ውስጥ ፎስፌቱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ደጃፍ ላይ አይደርስም። ከፊሉም አፈሩ በክረምት ሲሸረሸር ተጣብቆ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ከሚመገበው አንዱ ይኸው ነው። ባቄላ የሚተከልበት ምክንያት ናይትሮጅን እንዲያመጣ ቢሆንም በሥሩ ላይ ያሉት ራይዞቢየም ባክቴሪያዎችም ያለ ፎስፌት ሥራቸው ይዳከማል። ስለዚህ ለአባቴ የሰጠሁት መልስ ማዳበሪያው አለ፣ ግን በሩ ጋ አልደረሰም የሚል ነበር። ጥቂት አሰበና ታዲያ ማን ያድርሰው አለኝ።

ፕሮጀክቴ የመጣው ከዚህ ነው። ከገብስና ከባቄላ ሥር ዙሪያ ፎስፌት የሚያሟሙ ባክቴሪያዎችን መለየት ፈለግሁ። የተለመደው ዘዴ ፒኮቭስካያ በሚባለው ማብቀያ ላይ ማሳደግ ነው፤ ማብቀያው ነጭ ካልሲየም ፎስፌት አለበት፣ ባክቴሪያው ካሟሟው በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ፕሮፖዛሌ የተመለሰው በዚህ ነጥብ ነው። በፋርጣ አፈር ውስጥ ችግሩ ካልሲየም ፎስፌት አይደለም፤ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌት ነው። ካልሲየሙን ለማሟሟት ባክቴሪያው ፕሮቶን ወደ ውጭ ማስወጣቱ ይበቃዋል፤ አሉሚኒየሙን ለማስለቀቅ ግን አሲድ ብቻውን አይረዳም፣ አፈሩ ቀድሞውንም አሲድ ነውና። እንደ ሲትሬትና ኦክሳሌት ያሉ ብረቱን ይዘው የሚያላቅቁ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ጥርት ያለ ክብ አግኝቼ ብደሰት ለአባቴ መሬት ምንም ላያደርግለት ይችላል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ ግን የተባለው ልክ ነው።

እንደገና ጽፌ አቀረብኩና ተፈቀደልኝ። አሁን በአንዱ ሳህን ካልሲየም ፎስፌት፣ በሌላው አሉሚኒየም ፎስፌት አድርጌ ያንኑ ባክቴሪያ በሁለቱም ላይ እዘራለሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቆሞብኝ ከመጀመሪያ ጀምሬያለሁ። በካልሲየሙ ላይ ክብ ያሳዩ ጥቂት አሉ። በአሉሚኒየሙ ላይ እስካሁን ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ክብ ይሁን የዓይኔ ስህተት ጓደኞቼን ሳይቀር እያስጠራሁ አሳይቼ አልተስማማንም። የሞሊብዴት ሰማያዊ ምርመራውን በሚቀጥለው ሳምንት እሠራለሁ፤ ፎስፌት ከተለቀቀ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

አባቴ እኔን አልጠበቀም። ዘንድሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ኖራ አስመጥቶ በመሬቱ ግማሽ ላይ በትኗል፤ ግማሹን እንዲያይበት ሆን ብሎ ተወው። ገብሱ ሲታጨድ ከሁለቱም በኩል አፈር በፌስታል ይዤ እመጣለሁ።